ነጩ ዓሣ ወርቅ የሆነበት ክረምት

ጁላይ 21

ልጄ ኮርን ትናንት መነኮሰ። ፀጉሩን ብቻ ሳይሆን ቅንድቡንም ላጩት። ቅንድብ የሌለው ሰው ይዘን ይደሰት አይታወቅም። የሚቆየው እንደ ቡድሃ ሥርዓት ሦስት ወር ነው፤ የዝናቡ ወራት እስኪያልፍ። እንዲገባ የለመንኩት እኔ ነኝ። እጮኛው ናሪ ቀለበቱን መልሳለት ወደ ባንኮክ ከሄደች ወዲህ ከሥራ ይመጣል፣ ዓሣዎቹ ፊት ይቀመጣል፣ ይተኛል። አፉን የሚከፍተው ለማዛጋት ብቻ ነበር። አንድ ክረምት ለእኔ ብለህ መንኩስ፣ ጽድቁ ለእናትህ ይሆናል፣ አንተም ትረጋጋለህ አልኩት። እሺ አለ። ሳይከራከረኝ እሺ ሲል በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው። ያኔ መፍራት ነበረብኝ።

ይህን ደብተር የሰጠኝ እሱ ነው፤ የዓሣዎቹን ነገር እንድጽፍበት። ስድስት ተዋጊ ዓሣዎች በስድስት ጠርሙስ፣ በየመካከሉ ካርቶን። ካርቶኑ ከተነሳ ይተያያሉ፤ ከተያዩ ክንፋቸውን ነፍተው ሲዛዛቱ ይውላሉ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በገዛ እጁ ጽፎልኛል፦ «ውሃ በየሦስት ቀኑ ይቀየር። የቧንቧ ውሃ ቀድቶ ማሳደር። በየጠርሙሱ አንድ ቁራጭ ደረቅ የሁክዋንግ ዛፍ ቅጠል። ምግብ ጥቂት።» «ጥቂት» የሚለው ሥር ሁለት ጊዜ አስምሯል። ያውቀኛል።

ዋናው በአራተኛው ጠርሙስ ያለው ነጩ ነው። ኮርን ወርቃማ ዓሣ ለማርባት ሦስት ዓመት ለፍቶ እዚህ ላይ ደርሷል። ከዚህ የሚወለዱት ወርቅ ይሆናሉ ይላል።

ትናንት ጓዳ ሰሃን ሳጥብ ታላቅ እህቴ ሳዌንግ ለድግሱ ለመጡት ሴቶች፣ «ይኼ ልጅ ከገባ አይወጣም። ከነዚያ ዓሣዎች በቀር ምን የሚመልሰው ነገር አለው?» ስትል ሰማሁ። በሹክሹክታ መናገሯ ነበር። የሳዌንግ ሹክሹክታ አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ ይሰማል።

ስለዚህ ዓሣዎቹ መሞት የለባቸውም። ይኸው ነው።

ጁላይ 24

ጠዋት መነኮሳቱ ምጽዋት ሊቀበሉ በቅያሳችን አለፉ። ኮርን ሦስተኛ ነው፤ በባዶ እግሩ። ተንበርክኬ ሩዙን ሳህኑ ውስጥ ጨመርኩ። «አባ» አልኩት፤ «እርስዎ» አልኩት። እሱም መነኮሳት ማንኛዋንም ምእመን በሚጠሩበት ቃል «ዮም እናቴ» አለኝ። አባቱ ቢያየን በሳቅ ይወድቅ ነበር። እኔ አልሳቅሁም፤ ጉልበቴ የገባበት ጉድጓድ ውሃ ነበረው።

ሁሉም በልተዋል። (ዓሣዎቹ።)

ጁላይ 28

ቅዱስ ቀን። ገዳም ሄጄ አምስቱን ትእዛዛት ተቀበልኩ። የመጀመሪያው አለመግደል ነው። ዓሣዎቹ ደግሞ የሚወዱት ሕይወት ያለው የትንኝ እጭ ነው። እጩን ባልሰጣቸው ረሃብ፣ ብሰጣቸው ግድያ። ባዶ ሆዳቸውን ዋሉ። እኔም አብሬያቸው ዋልኩ።

ኦገስት 3

ዝናብ። ለማሳጠር የመጣልኝ ሱሪ አሥራ አንድ። ውሃ ቀየርኩ። ዓሣ ማውጫዋን አንዷን መረብ ለስድስቱም ተጠቀምኩ፤ ይፈጥናል።

ኦገስት 8

ነጩ ወርቅ ሆነ።

መነጽሬን ወልውዬ ደግሜ አየሁት። ከራሱ ጀምሮ በጀርባው ላይ እርድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ጠባዩም ተለውጧል። ድሮ ጣቴን ሳስጠጋ ሊነክሰኝ ይመጣ ነበር፤ አሁን ክንፉን ሰብስቦ ታች ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ጨዋ ሆኗል። አልፎ አልፎ ጎኑን ከቅጠሉ ጋር ያሻል፤ አዲሱ ቀለም ሳያሳክከው አይቀርም። ምግብም ቀንሷል። በዚህ ዝናብ ማን ይበላል፤ እኔስ መቼ በላሁ።

ኮርን ሦስት ዓመት የለፋበት ነገር እሱ ገዳም ሲገባ መጣ። ይህን ሲያይ እንዴት ይቀመጣል? በሩጫ ነው የሚመጣው። ደስ ብሎኝ ልብስ መስፊያው አጠገብ ብቻዬን ሳቅሁ።

ጎረቤታችን አጎት ቻሎምን ጠርቼ አሳየሁት። አውራ ዶሮ ለውድድር የሚያሳድግ ሰው ነው፤ ስለ እንስሳ የማያውቀው የለም፣ በተለይ የማያውቀውን። እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆይቶ፣ «የልጅሽ ጽድቅ ነው። ሌላ ምን ይሆናል?» አለ።

ከዚያ በኋላ ለቅያሱ ሁሉ የነገርኩት እኔ ነኝ። በማንም አላላክክም።

ኦገስት 11

ሰባት ሰው መጣ። ጠርሙሱ ላይ የጃስሚን ጉንጉን አሰሩበት፣ ከፊቱ ቀይ ለስላሳ መጠጥ መምጠጫው እንደተሰካበት አኖሩለት። ዓሣ ለስላሳ አይጠጣም አልኩ። ለዓሣው ሳይሆን ለወርቁ ነው አሉኝ። አንዲት ሴትዮ ስልኳን አብርታ የሎተሪ ቁጥር ከጎኑ ላይ ስትፈልግ ግማሽ ሰዓት ቆየች።

ኦገስት 17

ጉድ ፈላ። ትናንት ሎተሪው ሲወጣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች አርባ ሰባት ሆኑ። የቤቴ ቁጥር አርባ ሰባት ነው። አጎት ቻሎም ቆርጦት ነበር። ዛሬ ደጃፌ ላይ ሃያ ሦስት ጫማ ቆጠርኩ። አንዱ ባለ አንድ እግር ነው ወይ ሌላውን ውሻ ወስዶታል።

ነጩ አልበላም። ሰው በዝቶበት ይሆናል።

ኦገስት 19

ከዚህ በላይ ከኮርን መደበቅ አላስቻለኝም። ሩዙን እየጨመርኩ፣ «አባ፣ ነጩ ወርቅ ሆኗል፤ በእርስዎ ጽድቅ» አልኩት። ቀና ብዬ ጥርሴን ሁሉ አሳየሁት።

ቆመ። «ክንፉን ይሰበስባል?»

«አዎ አባ። ጨዋ ሆኗል።»

«ገላውን ያሻል?»

«ያሻል።»

ከኋላው ያሉት መነኮሳት እየጠበቁ ነው። «ዮም እናቴ፣ ወርቅ አይደለም፤ በሽታ ነው። ጠርሙሱን ጨለማ ውስጥ ያኑሩት» አለና ሄደ።

አሥራ አንድ ቀን። አሥራ አንድ ቀን የታመመ ዓሣ ይዤ ጎረቤት ስጠራ ነበር።

ኦገስት 20

በምጽዋት ሰዓት ከአንድ ሁለት ቃል በላይ አይነገርም፤ ስለዚህ ሕክምናው በየጠዋቱ ከሩዝ ጋር በቁንጥር ይመጣል። የዛሬው፦ ወርቅ የሚመስለው ብናኝ ሕይወት ያለው ተውሳክ ነው፣ ብርሃን ይመግበዋል። ጥቁር የሱሪ ጨርቅ ቆርጬ ስድስቱንም ሸፈንኩ።

ኦገስት 21

የዛሬው፦ ጨው፣ በማንኪያ ጫፍ፤ ውሃው በየቀኑ ሢሶው ይቀየር። ተውሳኩን በጨው መግደል ትእዛዝ ማፍረስ አይሆንም ወይ ብዬ ጠየቅሁ። «እኔ የምናገረው ስለ ውሃ ነው» አለኝ። እዚያ ውስጥ ተምሯል።

ኦገስት 22

የዛሬው ጥያቄ ነበር። «መረቡ ስንት ነው?»

«አንድ።»

ዓይኑን ጨፈነ። ቤት ገብቼ ባትሪ አብርቼ አንድ በአንድ አየሁ። በጎን ሲያበሩበት ነው የሚታየው። ሁለተኛው ጠርሙስ፣ ሰማያዊው፤ እርድ። አምስተኛው፣ ቀዩ፤ እርድ። በገዛ እጄ ከጠርሙስ ጠርሙስ ያዞርኩት እኔ ነኝ። ልጁንም ወደ ገዳም የላክሁት እኔ ነኝ። ለፈጣን ሥራ ማንም አይደርስብኝም።

ኦገስት 25

አጎት ቻሎም ጨርቁን ሊገልጥ መጣ። እጁን መታሁት። ዓሣው ታሟል፣ ወርቁ በሽታ ነው አልኩ።

«በሽታ ከሆነ አርባ ሰባት እንዴት ወጣ?» አለኝ።

ጨርቁን መልሼ አለበስኩ። በሩ ላይ ሆኖ ለሰዎቹ፣ «ለብቻዋ ልትበላበት ደብቃዋለች» ሲል ሰማሁ። ለምሳ ሁልጊዜ የሚሰጠኝ አሳማ ሥጋ ከነገ ጀምሮ እንደሚቀር ገባኝ። ይቅር።

የራሴን ቀሚስ ወገብ አጠበብኩ። ጨርቁ ሳይለጠጥ አልቀረም።

ኦገስት 30

ሰማያዊው ሞተ። ጠዋት ለኮርን ነገርኩት፤ ጎንበስ አለ፣ አለፈ። ከገበያ ቢጫውን የዓሣ መድኃኒት ገዛሁ፤ ጣቴ፣ መቀሱ፣ የአንድ ተማሪ ሸሚዝ ሳይቀር ቢጫ ሆነ። ሸሚዙን በራሴ ጨርቅ እተካለሁ።

አሁን እያንዳንዱ ጠርሙስ የየራሱ መረብ አለው። ቁጥር ጠለፍኩባቸው።

ሴፕቴምበር 4

ቀዩ ጥግ ለቀቀ። ባትሪ አበራሁበት፤ ብናኙ ሳስቷል። እጭ ጣልኩለት፤ አንድ ወሰደ፣ ተፋው፣ መልሶ ወሰደው። እንደ ሞኝ አጨበጨብኩ።

ነጩ እንደዚያው ነው። ውሃው ገጽ ላይ ወጥቶ አየር ይስባል፣ ይወርዳል። በሁሉም ላይ አንድ መድኃኒት ነው የጨመርኩት። ለምን እሱ ብቻ?

ገዳም ግቢ የምትጠርገው አሮጊት፣ የልጅሽ ድምፅ ለጸሎት የተፈጠረ ነው፣ አበምኔቱ አይለቁትም አለችኝ። አመሰገንኳት። መጥረጊያዋን ወስጄ ትንሽ ጠረግሁላት፤ እጄ የሚይዘው ነገር ፈልጎ ነበር።

ሴፕቴምበር 9

ሩዙ ምድጃ ላይ እያለ ጨርቁን ገለጥኩ። ነጩ በጎኑ ተኝቷል። ሞቶ እንኳ ያበራል።

ሙዝ ተክሉ ሥር ቀበርኩት። እጄን ታጥቤ ሩዙን አወጣሁ። መጡ። ኮርን ፊቴ ሲደርስ እንደ ወትሮው ስለ ሕክምናው ልጠይቅ አልቻልኩም፤ እሱ ጠየቀኝ።

«ነጩስ?»

«በልቷል፣ አባ» አልኩ።

መነኩሴ ዋሸሁ። ልጄን ብቻ ብዋሽ ኖሮ ኃጢአቱ ግማሽ ነበር። ግን ምን ልበለው? ሳዌንግ ያለችው ጆሮዬ ውስጥ ነው። ዓሣው የለም ካልኩት የሚመጣበት ምን ቀረ? አልቅሻለሁ። ይኸው ጻፍኩት።

ሴፕቴምበር 14

የእሑድ ገበያ። ነጭ የሚሸጡ ሁሉ ጋ ሄድኩ። ጎንበስ ብዬ በባትሪ አየሁ፤ ክንፉ ይዘረጋል ወይ፣ ጣት ሲያይ ይመጣል ወይ፣ ሆዱ አልተነፋም ወይ፣ ቅርፊቱ አልቆመም ወይ፣ ጅራቱ ጫፍ አልተበላም ወይ። አሥረኛው ጠርሙስ ላይ ሻጯ፣ «እትዬ፣ ዓሣ ነው የምትገዢው ወይስ ለልጅሽ ሚስት እያጨሽ ነው?» አለችኝ።

ሁለቱም ነው ልላት ነበር። አንዱን ገዛሁ። ልክ ነጩን ይመስላል፤ ጅራቱ ትንሽ ይረዝማል። በክረምት ጅራት ያድጋል እላለሁ።

ሴፕቴምበር 15

«ነቅቷል፣ አባ። ጥግ ለቋል።»

ሴፕቴምበር 18

«ክንፉን ዘረጋ፣ አባ።»

ሴፕቴምበር 23

«ወርቁ ለቀቀው፣ አባ። ነጭ ሆነ።»

ውሸቱ አሁን በራሱ ይሄዳል፤ እኔ ሩዝ ብቻ ነው የምጨምርበት። እሱ ራሱን ዝቅ ያደርግና ያልፋል። የሚገርመው ቀዩ በእርግጥ ድኗል፤ ይህን ሳልነግረው ዋልኩ። እውነቱን ረስቼ ውሸቱን አደረስኩ።

ኦክቶበር 1

ሎተሪ ወጣ። ሰዎቹ በጨርቁ ላይ ገምተው የቆረጡት አንዱም አልመጣም። ደጃፌ ላይ አንድም ጫማ የለም። አጎት ቻሎም መጥቶ፣ «ያንቺ ዓሣ ተሳስቷል» አለ፤ የአሳማ ሥጋ ግን ይዞ ነበር። በግድ ሁለት ጉርሻ አበላኝ። «ቀሚስሽ ምን ነካው፣ ልብስ የተሰቀለበት እንጨት ትመስያለሽ» አለኝ። ዛሬም ወገቡን አጥብቤዋለሁ። ጨርቁ ርካሽ ነው።

ኦክቶበር 6

ሳዌንግ እየሮጠች መጣች። «አንቺ ልጅ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ኮርን አይወጣም። እቀራለሁ ብሎ ለአበምኔቱ ነግሯል።»

ምን ይባላል? አመሰግናለሁ አልኩ። ቅያሱ ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ ሊለኝ መጣ። ሁሉንም አመሰገንኩ። ሲሄዱ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ ወንበሩ ሩቅ መሰለኝ። የእናት ጽድቅ ለምኜ ነበር፤ ተሰጠኝ። ልጄን እፈልጋለሁ ብዬ ለማን እናገራለሁ? ኃጢአት ነው። ከበላሁ ስንት ቀን እንደሆነኝ ልጽፍ ነበር፤ ደብተሩ ግን የዓሣ ነው።

ኦክቶበር 8

ገዳም ሄድኩ፤ ጠርሙሱን ታቅፌ። በመንገድ ሙሉ የምለውን አጠናሁ፦ «ይኸው ነጩ፣ ድኗል፣ እርስዎን ይጠብቃል።» አጭር ነው፣ አይረሳም።

አዳራሹ ውስጥ ኮርን ብቻ ነበር። ከሱ ዝቅ ብዬ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሴት ለመነኩሴ በእጅ አትሰጥምና የመቀበያ ጨርቅ በመሐላችን ዘረጋ፤ ጠርሙሱን ጨርቁ ላይ አኖርኩት፤ ወደ ራሱ ሳበው። አንድ ጊዜ አዙሮ አየው። አፌን ከፈትኩ።

«አባ፣ ነጩ ሞቷል። አንድ ወር ሊሞላው ነው። ይህን ከእሑድ ገበያ ነው የገዛሁት። በየጠዋቱ ዋሽቼዎታለሁ።»

ያጠናሁት ይህን አልነበረም።

«አውቃለሁ» አለ።

«ጅራቱ ረዝሞ ነው?»

«ገና አሁን ማየቴ ነው። መጠየቅ ስላቆሙ ነው ያወቅሁት። የታመመ ዓሣ ያለው ሰው ሳይጠይቅ አያድርም።»

ታዲያ ለምን ዝም አልክ ብዬ ልቆጣ ከጀልኩ፤ መነኩሴ መቆጣት ደግሞ ሌላ ኃጢአት ነው። ዝቅ ባለ ድምፅ ለምን ዝም እንዳሉኝ ጠየቅሁ።

«ደስ ብሎዎታል ብዬ» አለኝ። «ወርቅ ሆነ ያሉኝ ቀን ፊትዎን አየሁት። በእርስዎ ጽድቅ አሉኝ። አባባ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። ልወጣ ነበር። ከዚያ ወዲያ እንዴት እወጣለሁ?»

ጆሮዬን አላመንኩም። «እኔ የሳቅሁት ዓሣህ ወርቅ ከሆነ ትመጣለህ ብዬ ነው!» አልኩት። ድምፄ ጣሪያው ድረስ ሄደ። አንተ አልኩት፤ ቡድሃው ፊት፣ ጫማዬን አውልቄ።

አፌን በእጄ ያዝኩ። ከዚያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ይሳቅ ያልቅስ አላወቅሁም፤ እኔም የማደርገው ከሁለቱ የቱ እንደሆነ አላወቅሁም። መጨረሻ ላይ መጎናጸፊያውን አስተካክሎ ልውጣ ወይ አለኝ።

ለሦስት ወር የፈለግሁት ይህን ቃል ነበር። ሆኖም፣ «ልብህ እዚህ ከሆነ ቅር። ዓሣው ሞተ ብለህ አትቅር፤ እኔ አለሁ ብለህም አትውጣ» አልኩት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። በኋላ ቤት ሆኜ ማመን አቃተኝ።

አሰበ። እውነት አሰበ፤ ፈራሁ።

«እማ፣ ወለሉ ጎኔን ጨረሰው» አለ። «ከእኩለ ቀን በኋላ አለመብላትንም አልለመድኩትም። በየማታው የማልመው ያንቺን የዓሣ ወጥ ነው። ጸሎት ላይ ምራቄን ስውጥ አበምኔቱ ተመስጦ ይመስላቸዋል።»

ኦክቶበር 11

ቀዩ፣ ጥቁሩ፣ ሁለቱ አረንጓዴዎች፣ ከገዳም መልሼ ያመጣሁት የገበያው ነጭ፤ ሁሉም ንጹሕ። ጨርቁን ከሁሉም አነሳሁ። አበምኔቱ አልተቀየሙም፤ የመውጫውን ቀን ራሳቸው ቆጥረው፣ ክረምቱ ባለቀ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ብለዋል። ሳዌንግ አዝና መጣች፤ እያጽናናኋት ሩዝ በላሁ።

ኦክቶበር 19

አሁን የራት ሰሃን አጥቤ መቀመጤ ነው። እሱ ጠርሙሶቹ ፊት ነው፤ መረቦቹ ላይ የጠለፍኩትን ቁጥር እያየ ይስቃል።

ጠዋት በር ላይ ሲደርስ ጂንሱ ሰፍቶት በእጁ ይዞታል። ቅንድቡ መብቀል ጀምሯል። እንዴት እንደምቀበለው አስቤበት አላውቅም ነበር። እሱ ግን አስቦበታል፤ መነኩሴ ለእናቱ አይሰግድም፣ ሦስት ወር ሙሉ የቀረውን ስግደት ሊከፍለኝ እንደገባ መሬት ተንበርክኮ እግሬ ሥር ሊደፋ ጎንበስ አለ። እኔም ሦስት ወር የለመደው ጉልበቴ ሳላዘው ታጠፈ፤ እኩል ጎንበስ አልኩ። ግንባራችን ተጋጨ። ድምፁ አጎት ቻሎም ቤት ድረስ ተሰምቷል፤ ምን ወደቀ ብሎ መጣ።

ግንባሬ ላይ የእንቁላል ያህል አብጧል። ኮርን ቅባት ላምጣልሽ አለኝ፤ አልፈለግሁም። እየነካሁ፣ እያመመኝ፣ ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ።